ቴስተር «ጢጥ» ሲል

የገመድ ጫፍና ጫፍ ላይ ቴስተር አሳርፎ፣ «ጢጥ» ሲል «ይሄ ደህና ነው» ብሎ ማለፍ በእኛ በመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ የኖረ ልማድ ነው። ያቺ ድምፅ ስንቱን ሰው ያለ ጥፋቱ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) እንዳስገዛችው ቢቆጠር ገበያው ያፍር ነበር። በተለይ ብር በሐምሌ 2016 ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ «እስቲ ይቀየርና እንየው» የሚባልለት አይደለም።

ሐዋሳ፣ ቡሹሎ ላይ ውሎዬ ከባጃጅ ጋር ነው። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ የጀልባ ሞተርም ይመጣል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በፒካፕ ተጭኖ ጀትስኪ። የኤሌክትሪክ መንገዱ ከባጃጁ ብዙም አይለይም፦ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ማስነሻ ቁልፍ፣ ሪሌ፣ ሞተሪኖ፣ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰው)። ልዩነቱ ጀትስኪ የሚጎተት ገመድ የሌለው መሆኑ ነው። የጀልባ ሞተር ባትሪው ቢደክምም ብዙዎቹ በገመድ ተስበው ይነሳሉ፤ እሱም እምቢ ካለ መቅዘፊያ አለ። ጀትስኪ ሐይቁ መሀል ከጠፋ ግን፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲነሳ እላዩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፍ ጀልባ መጥራት ነው። ጉማሬ ያለበት ሐይቅ መሆኑም አይዘንጋ።

በቅርቡ አንድ ወጣት የማይነሳ ጀትስኪ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሞተሪኖው ተቃጥሏል። ባትሪው አዲስ ነው።»

«ተቃጥሏል ያለህ ማነው?»

«ያየው ሰው። ገመዶቹን በሙሉ በቴስተር ነካክቶ ደህና ናቸው አለ። ስለዚህ ሞተሪኖው ነው አለ።»

«አንተስ ስትጫነው ምን ትሰማለህ?»

«ጠቅ ይላል። አይዞርም።»

ለእኔ ከሁሉም የሚጠቅመኝ ይህ የመጨረሻው መልስ ነው። «ጠቅ» ካለ ቁልፉ ትእዛዝ ሰጥቷል፣ ሪሌውም ሰምቷል ማለት ነው። ቀጭኑ መስመር ሥራውን ሠርቷል፤ የሚጠረጠረው ወፍራሙ ነው። ጭራሽ ዝም ቢል ኖሮ ፍለጋው ከፊውዙና ከቁልፉ ወገን ይጀምር ነበር።

መቀመጫውን አንስተን ትንሽ አቆየነው። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የጀትስኪ ሆድ እንደ መኪና ኮፈን ከታች ክፍት አይደለም፤ የተዘጋ ገንዳ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እታች ይተኛል። መንገድ ላይ እንደምናደርገው የሪሌውን ሁለት ብሎን በካቻቢቴ አገናኝቶ «እንዴት እንደሚዞር ተመልከት» ማለት እዚህ ውስጥ እሳት መጥራት ነው።

ባትሪውን ለካሁት፤ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ። ቆሞ የሚለካ ባትሪ ግን ብዙ አይናገርም። የደከመ ባትሪም ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ደህና ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ልጁን «ተጫን» አልኩትና ዓይኔን ከቴስተሩ ሳላነሳ ጠበቅኩ። ጠቅ። ቁጥሩ 12.3 ላይ ቆመ፣ አልወረደም። ሞተሪኖ በደንብ ሲስብ እስከ 100 አምፔር ሊወስድ ስለሚችል፣ ጤነኛ ባትሪ እንኳን በዚያ ጊዜ ወደ 11 ወይም 10 ይወርዳል። ካልወረደ ማንም እየሳበው አይደለም፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ሳይታፈን አልቀረም። ብዙ ሰው ባትሪው አለመውረዱን እንደ በጎ ምልክት ያየዋል። እኔን ወደ ገመዱ የመራኝ ግን እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እየተጫኑ መለካት ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ብሎን ላይ አድርጎ ማስጫን። በዚህ በኩል ግማሽ ቮልት እንኳን አልጠፋም። ስለዚህ መንገዱን ያፈነው ገመዱም የሪሌው ኮንታክትም አይደሉም። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል። እዚያ ከ0.2 በላይ መታየት የለበትም። ልጁ ሲጫን 11 ቮልት ከምናምን አነበብኩ። ለሞተሪኖው ሊደርስ የሚገባው ጉልበት በሙሉ ማሳው ላይ ቀርቷል።

የማሳው ብሎን ከላይ ሲታይ ጥብቅ፣ ንጹሕ፣ እንከን የለሽ ነው። ስፈታው የገመዱ ራስ ሥር፣ የሞተሩ አልሙኒየም ላይ፣ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ አገኘሁ። መዳብና አልሙኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አልሙኒየሙ ይበላል፤ ዱቄቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከገመዱ ራስ ዳር ዳሩን ብቻ አንዲት ቀጭን የምታብረቀርቅ ጭረት ነበረች፤ ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩት በእሷ ብቻ ነው። የዚያን ሰው ቴስተር «ጢጥ» ያሰኘችው እሷ ናት። ቴስተር ለዚያ ድምፅ የሚልከው ፍሰት እጅግ ትንሽ ነው፤ አንዲት የፀጉር ክር የምታህል መንገድ ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን በዚያች ክር አያልፍም። ሒሳቡን ለሚወድ፦ 0.1 ኦም ላይ 100 አምፔር ልለፍ ቢል 10 ቮልት ይጠፋል። የቴስተሩ የራሱ ሁለት ገመዶች እንኳን ከ0.1 ኦም በላይ ሊኖራቸው ይችላል። ታዲያ ያንን በኦም እለካለሁ ማለት ምን ማለት ነው?

በብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ፊት አጸዳን፣ አጠበቅን፣ ላዩን ቫዝሊን ቀባን። ተነሳ። ሞተሪኖው ምንም አልሆነም።

ልጁ «ሐይቁ ጨው አለው እንዴ?» አለኝ። መውጫ ወንዝ ስለሌለው እንዲህ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ሆኖም የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ሻላ አይደለም፣ ውሃው ጨዋማ የሚባል አይደለም። እንደ ባሕር ጨው አያጣድፈው እንጂ እርጥበትና ጊዜ ካገኘ ዝገት መንገዱን አያጣም። እዚህ ደግሞ ጊዜ አለው። ጀትስኪ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚኖረው፤ የሚፈለገው ታኅሣሥና ሐምሌ ገብርኤል ሲደርስ፣ እንግዳ ከተማዋን ሲሞላት ነው። ስልኬም የሚጮኸው በዋዜማው ነው። ለወራት ያልተሞላ ባትሪ ከ12.4 በታች ወርዶ ሲቆይ ውስጡ ያሉት የሊድ ሰሌዳዎች በሰልፌት ይጠነክራሉ፤ ያን ጊዜ በዋዜማ ሌሊት ሙሉ ቻርጅ ቢደረግም የቀድሞ አቅሙ አይመለስም። ዕቃው ሲቆም ኔጋቲቩን ፈትቶ፣ በወር አንዴ በትንሽ አምፔር መሙላት ነው መፍትሔው። ይህን ሁሌ እናገራለሁ። የሚሰማኝ ጥቂት ነው።

ቁጥሩ አልወርድ የማለቱ ተቃራኒም አለ። ሲጫኑት ቁጥሩ 8 ድረስ ከወረደና ሞተሩ «ግም» ብሎ ከቆመ፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሩ ተይዟል። ባትሪው በሌላ ጤነኛ ተፈትኖ ያው ከሆነ ጥያቄዬ «ተገልብጦ ነበር?» የሚል ነው። የተገለበጠ ጀትስኪ የሚመለስበት አቅጣጫ ከኋላው በተለጠፈ ምልክት ተጽፏል፤ ያንን ሳያዩ በተቃራኒው ሲያዞሩት ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል። ውሃ አይታመቅም። እዚያ ላይ ደጋግሞ መጫን ሞተሪኖውን ብቻ ሳይሆን የፒስተኑን ዘንግም ሊያጣምም ይችላል። ካንዴላ ይፈታል፣ የካንዴላው ገመድ ብልጭታ እንዳይሰጥ ማሳ ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ አጠር አጠር አድርጎ በማዞር ውሃው ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በስልክ ለሚጠራኝ የማቀርበው ጥያቄ ስለ ማጥፊያ ገመዷ ነው፤ እጅ ላይ ወይም ጃኬት ላይ ስለምትታሰረዋ። እሷ ቦታዋ ካልገባች የሚዞር ነገር የለም። ሲዱ የሚባለው ጀትስኪ ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ጫፏ ውስጥ ቺፕ አለ፤ ማሽኑ ሲያውቃት ሁለት አጭር ድምፅ ይሰጣል፣ ካላወቃት ሽቦ በመጠማዘዝ አይታለልም። ተራ ማጥፊያ ባላቸው ላይ ግን «ጠፍታለች፣ ማጥፊያውን በላስቲክ ሸብበህ ስጠኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። አልሠራም። ነጂው ቢወድቅ ማሽኑ ሞተሩ እንደተነሳ ብቻውን ይሄዳል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ዳር ዳሩን የሚዋኝ ልጅ አለ። አንዱ በዚህ ተቆጥቶኝ ስልኩን ከዘጋ በኋላ መልሶ ደወለ፦ ገመዷ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተገኝታለች፤ የመሳቢያው ቁልፍ ግን ሻሸመኔ ሄዷል።