ዩዋን መያዝ ለማን ይጠቅማል?

የቻይና መገበያያ ገንዘብ የሆነው ዩዋን በዓለም አቀፍ ንግድና ክፍያ ውስጥ ያለው ድርሻ እያደገ መጥቷል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ዩዋንን ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከየንና ከፓውንድ ጋር አምስተኛው ዋና ገንዘብ አድርጎ በመጠባበቂያ ሀብቱ መለኪያ ውስጥ ያካተተው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ድርሻውን ከ10.92 ወደ 12.28 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ኢትዮጵያም ከቻይና በርካታ ሸቀጦችን የምታስገባ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮም የብሪክስ አባል የሆነች ሀገር በመሆኗ፣ ቁጠባን በዩዋን መያዝ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በነጋዴዎችና በቆጣቢዎች ዘንድ መነሣቱ የሚጠበቅ ነው።

በቅድሚያ ሊለይ የሚገባው ነገር አንድ ገንዘብ በሰፊው ሥራ ላይ መዋሉና ዋጋው መጨመሩ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው ነው። ዩዋን ከዋና ገንዘቦች ተርታ በተመደበበት ወቅት አንድ ዶላር በ6.67 ዩዋን ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚያን ጊዜ 1,000 ዶላር ወደ ዩዋን የለወጠ ሰው 6,670 ዩዋን ያህል ያገኛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ አካባቢ ምንዛሪው ወደ 7.30 ስለደረሰ፣ ያንኑ ዩዋን መልሶ ቢመነዝር የሚደርሰው 914 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ የባንክ ኮሚሽኑ ሳይታሰብ ማለት ነው። የገንዘቡ ዓለም አቀፍ ክብር ባደገባቸው በእነዚሁ ዓመታት ባለቤቱ ከስሯል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የዩዋን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ለገበያ የተተወ አለመሆኑ ነው። የቻይና ማዕከላዊ ባንክ በየሥራ ቀኑ ጠዋት መነሻ ዋጋ ያወጣል፤ በሀገር ውስጥ ገበያም ዩዋን በዶላር ላይ ከዚህ መነሻ ከ2 በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 ባንኩ መነሻውን በአንድ ቀን ወደ 2 በመቶ በሚጠጋ መጠን ዝቅ ሲያደርግ የዓለም ገበያዎች ተናውጠዋል። ካፒታል ከሀገሪቱ የሚወጣበት መንገድም ጥብቅ ቁጥጥር አለበት፤ አንድ ቻይናዊ ግለሰብ በዓመት ሊገዛ የሚችለው የውጭ ምንዛሪ በ50,000 ዶላር ተገድቧል። የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ከያዙት መጠባበቂያ ውስጥ የዩዋን ድርሻ 2 በመቶ ገደማ ላይ የቆመው፣ ዶላር ግን ከግማሽ በላይ የያዘው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

በሀገራችን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዩዋን በብር ሲሰላ ብዙ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ የመጣው ከብር በኩል እንጂ ከዩዋን ብርታት አይደለም፤ ዶላር ወይም ዩሮ የያዘ ሰውም ተመሳሳይ ለውጥ አይቷል።

ዩዋን በእርግጥ የሚጠቅመው ወጪው በዩዋን ለሆነ ሰው ነው። ከጓንጁ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ዋጋውንም በዩዋን የተዋዋለ ነጋዴ ከሦስት ወር በኋላ የሚከፍለውን ገንዘብ አስቀድሞ በዩዋን ቢይዝ የምንዛሪ መዋዠቅ አያሰጋውም። በቻይና ልጁን የሚያስተምር ወላጅም እንዲሁ። በአንጻሩ ኪራዩንም ቀለቡንም በብር ለሚከፍል ሰው ዩዋን መያዝ ጥበቃ ሳይሆን ግምት ነው፤ ያውም ወለዱ ዝቅተኛ በሆነ ገንዘብ ላይ የሚደረግ ግምት።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ነዋሪ ግለሰቦች ከውጭ ሀገር በሐዋላ የተላከላቸውን፣ በውጭ ምንዛሪ የተከፈላቸውን ደመወዝና የመሳሰለውን በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል። በብር የተጠራቀመ ቁጠባን ለትርፍ ሲባል ወደ ውጭ ገንዘብ ለመለወጥ የተዘረጋ መንገድ ግን አይደለም። ሒሳብ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው ባንኩ በዩዋን የሚከፍት መሆኑን፣ እንዲሁም የመግዣና የመሸጫ ዋጋውን ልዩነት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከብር ወደ ዩዋን የሚደረገው ስሌት በዶላር በኩል ስለሚያልፍ ወጪው ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል።