ሳልቪያና ሎሚ፤ ለላስታ ጓሮ የሚስማማው የትኛው ነው?

በዚህ እትም ከዜና አጻጻፍና ከሬዲዮ ስክሪፕት ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ጓሮ እንገባለን፡፡ "ጋዜጠኛና ጓሮ ምን አገናኛቸው?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ መልሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፡፡ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ላሊበላ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉ የላስታ ቀበሌዎች የሚኖር ሰው ባለ አበባ ሳልቪያና የሎሚ ችግኝ ጎን ለጎን ተክሎ፣ ለሁለቱም እኩል ውሃና እኩል ፍግ ቢሰጥ ምን ይሆናል? አጭሩ መልስ፣ ከሁለቱ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም የሚል ነው፡፡ ለምን? አንድ በአንድ እንየው፡፡

በቅድሚያ እናስተዋውቃቸው፡፡ ሳልቪያ ፈረንጆቹ ሴጅ የሚሉት ተክል ነው፡፡ ስሙ "ማዳን" የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ወደ 1000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፡፡ ለግቢ ማስዋቢያ ከሚተከሉት መካከል ሐምራዊው ከሜክሲኮ፣ ደማቅ ቀዩ ደግሞ ከብራዚል የመጡ ናቸው፡፡ የኛም አገር የራሷ አላት፡፡ ሳልቪያ ሺምፔሪ የሚባለው በደጋው ክፍላችን የሚበቅል ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትግራይ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ኖሮ ዕጽዋት ሲሰበስብ ከነበረው ጀርመናዊ ቪልሄልም ሺምፐር ነው፡፡ ሳልቪያ ከጦስኝ፣ ከበሶብላና ከዳማ ከሴ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፡፡ ሎሚ ደግሞ ከብርቱካን፣ ከመንደሪንና ከትርንጎ ጋር ይመደባል፡፡ የሚገርመው፣ ቡና ውስጥ የምንጨምረው ጤና አዳምም የሎሚ ዘመድ ነው፡፡

አሁን ወደ ልዩነታቸው እንምጣ፡፡ የመጀመሪያው ብርድ ነው፡፡ ላሊበላ ከባህር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፡፡ ቆቦ ደግሞ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፡፡ ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል 6 ዲግሪ የሚሆን ልዩነት አለ ማለት ነው፡፡ ይህ ለሎሚ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ የሎሚ ዘር ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ማደጉን ያቆማል፤ ከዜሮ በታች ሲወርድ ደግሞ ቅጠሉና ለጋ ቅርንጫፉ ይቃጠላል፡፡ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን የላስታን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፡፡

ሐምራዊውን ሳልቪያም ውርጭ ያገኘዋል፤ ላዩ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል፡፡ ነገር ግን ሥሩ ካልሞተ እንደገና ያቆጠቁጣል፡፡ የተዳቀለ የሎሚ ችግኝ ግን ውርጭ እስከ መዳቀያው ድረስ ከገደለው፣ በኋላ ከሥር የሚያቆጠቁጠው የገዛነው ሎሚ ሳይሆን ሥሩን ያበደረው ሌላው ዝርያ ነው፡፡ ባለቤቱም "ሎሚዬ ዳነ" ብሎ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል፡፡

ሁለተኛው ውሃ ነው፡፡ ሐምራዊው ሳልቪያ አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ አፈሩ ደረቅ እስኪል ቢጠብቅ አይጎዳም፡፡ እንዲያውም ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል፡፡ ቀዩ ግን ትንሽ ቅምጥል ነው፤ ጥላና እርጥበት ይፈልጋል፡፡ ሎሚ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያረግፍ ዛፍ ስለሆነ በበጋም ይጠጣል፡፡ በተለይ ሲያብብና ፍሬ ሲይዝ ከተጠማ አበባውንም ፍሬውንም ያራግፋል፡፡

እስቲ በግርድፉ እናስላው፡፡ አንድ ወጣት ሎሚ በበጋ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቢያገኝና በጋው 35 ሳምንት ቢሆን፣ በዓመት 35 ጀሪካን ያስፈልገዋል፡፡ ፍሬ እስኪሰጥ 4 ዓመት ቢፈጅ 140 ጀሪካን ማለት ነው፡፡ ቧንቧ አጠገቡ ላለ ሰው ይህ ምንም አይደለም፡፡ ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ ለምታመጣ እናት ግን 140 ጀሪካን 140 መንገድ ነው፡፡

ሦስተኛው አፈርና ምግብ ነው፡፡ ውሃ የሚያቁር አፈር ሁለቱም አይወዱም፤ በክረምት ጭቃ የሚሆን ዋልካ ላይ ሁለቱም ይታመማሉ፡፡ ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ፡፡ ሳልቪያ ስስና ድንጋያማ አፈር ላይም ይኖራል፡፡ ፍግ ከበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ አበባው ግን ይቀንሳል፡፡ ሎሚ ጠለቅ ያለ አፈርና ብዙ ምግብ፣ በተለይ ናይትሮጅን ይፈልጋል፡፡ ሲርበው በቅጠሉ ይናገራል፡፡ የታችኛው አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው፡፡ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ብረት አጥሮታል፡፡

አራተኛው መቀስ ነው፡፡ ሳልቪያ አበባው ሲያልቅ ጠበቅ አድርጎ ቢከረከም ታድሶ ይመጣል፡፡ ሎሚ ግን እንዲህ አይደለም፤ የደረቀውን ቅርንጫፍና ከመዳቀያው በታች የሚበቅለውን ቡቃያ ማስወገድ ይበቃዋል፡፡

ታዲያ ላሊበላ ላይ ሎሚ አይተከል ማለት ነው? አይደለም፡፡ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ቢተከል፣ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል፡፡ ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ግን አይሆነውም፡፡ በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ቢነጠፍ (ግንዱን ሳይነካ) እርጥበቱ ይቆያል፡፡ ውሃ የሚገኝባቸው የተከዜ ተፋሰስ ቆላማ ቦታዎችና የቆቦ ጊራና ሸለቆ ለሎሚ የተሻሉ ናቸው፡፡ ደጋው ላይ ላለና ውሃ ለሚቸግረው ሰው ግን ሳልቪያና ዘመዶቹ ያዋጣሉ፡፡ ከቁራጭ ተተክሎ በዓመቱ ያብባል፡፡ ንብም ይወደዋል፤ አበባው ውስጥ ንቧ ገፋ ስታደርገው እንደ ማንሻ ወርዶ ጀርባዋ ላይ ብናኝ የሚያራግፍ ክፍል አለው፡፡ ማር ለሚቆረጥበት ላስታ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም፡፡

እንግዲህ ጋዜጠኛና ጓሮን ያገናኘው ምንድነው ወዳልነው እንመለስ፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር፡፡ በችግኝ ዜና ላይ ሁላችንም ቶሎ የምንይዘው ቁጥሩን ነው፤ "ስንት ተተከለ?" እንላለን፡፡ ክፍል ውስጥ ከተማርናቸው ጥያቄዎች መካከል ግን እዚህ ላይ ትልቁ "የት?" የሚለው ይመስለኛል፡፡ ምን ዓይነት ችግኝ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በማን ውሃ? ማይክራፎን ይዘን የተከላ ቦታ ስንሄድ እነዚህን ብንጠይቅ፣ ቢያንስ አንዲት እናት 140 ጀሪካን ተሸክማ የደረቀ እንጨት ከማጠጣት ትድን ይሆናል፡፡

ቸር እንሰንብት!