ስለ ፔጋና አማልክት አፈጣጠር

አየርላንዳዊው ደራሲ ሎርድ ደንሰኒ «የፔጋና አማልክት» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ነው። በውስጡ የሚገኙት አማልክት በማንም ሕዝብ ዘንድ ተመልከው የማያውቁ፥ ደራሲው ከልቡ አንቅቶ የፈጠራቸው ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕድልና አጋጣሚ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕድል ስንል እዚህ ላይ አስቀድሞ የተወሰነውን ማለታችን ነው። ያሸነፈውም ወደ ማና-ዩድ-ሱሻይ ሄዶ አማልክትን እንዲፈጥርለት ጠየቀው። ከሁለቱ የትኛው እንዳሸነፈ ግን የሚያውቅ የለም። ማናም ታናናሾቹን አማልክት ፈጥሮ ተኛ። ስካርል የሚባለው ከበሮ መቺ ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ያለ ዕረፍት ይደልቃል፤ ለአፍታ ቢያቋርጥ ማና ይነቃል፥ ማና ከነቃ ደግሞ ዓለማትም አማልክትም አይኖሩም። ዓለማትን የሠሩት ታናናሾቹ ናቸው፤ ይኸውም ማና ተኝቶ ሳለ በእጅ ምልክት እየተነጋገሩ፥ ለመጫወቻቸው ያህል። ከእነርሱም ኪብ ሕይወትን ይልካል፥ ሙንግ ሞትን ያመጣል።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይኸ በሃይማኖት ላይ የተሰነዘረ ፌዝ ነው አሉ። እኛ ግን አይመስለንም። የሚያፌዝ ሰው ለከበሮ መቺው ድካም ይኸን ያህል አያስብም። በሌላ ተረት የአምላክ መተኛት ለሰው ጥፋት ነው፤ እዚህ ግን ሰው የሚኖረው አምላኩ እስከተኛ ድረስ ስለሆነ ወደ ማና መጸለይ ክልክል ነው። እንግዲህ የተቸገረ ሰው አቤት የሚለው በእርሱ ለሚጫወቱት ነው ማለት ነው።

ያሸነፈው ዕድል ከሆነ ሥቃያችን ታስቦበታል፤ አጋጣሚ ከሆነ ያሰበው የለም። የትኛው እንደሚከፋ ብዙ ተከራክረን አልተስማማንም።