መዝገቡ ሙሉ፣ ወንበሩ ባዶ

በነርስነት ዘመኔ መድኃኒት ያቋረጠ ታካሚ ሲመጣ ከመቆጣቴ በፊት «ምን ገጠመህ?» እል ነበር። ጡረታ ወጥቼ የሰፈራችንን የማታ ትምህርት ከሚገመግሙ ወላጆች ጋር ስቀመጥም ጥያቄዬ ይኸው ሆነ። መዝገቡ ሙሉ ነው፤ ወንበሩ ግን ባዶ። የቀሪዎቹን ዝርዝር ሳነብ የእኛው ቤት ሠራተኛ ስም አለበት!

«እትዬ፣ እራት አቅርቤ ስደርስ በሩ ይዘጋብኛል» አለችኝ። አፈርኩ።

አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የመጀመሪያዎቹን 4 ክፍሎች በ3 ዓመት እንዲያስጨርስ፣ ሰዓቱም ከልጆቹ ሥራ ጋር እንዲስማማ የታሰበው ኑሯቸው ታይቶ ነው። የማታውም እንዲሁ ሊሆን ይገባል። ትምህርት ቤቱ መግቢያውን በግማሽ ሰዓት እንዲያዘገይ ጠይቀናል። እኛ ቤትም እራት በጊዜ ይበላል፤ ሳህን የምናነሳው እኛው ነን።

እናንተስ ቤት ያለችው ልጅ ስንት ሰዓት ትወጣለች?