መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ላፕቶፕ

አርባ ምንጭ ላይ ያረጀ ላፕቶፕ የሚመረመረው መብራት ሲሄድ ነው። ሴቻ ሰፈር ይሁን ሲቀላ፣ መኖሪያ ቤት ይሁን የተማሪ ዶርም፣ መብራቱ ድንገት ሲጠፋ አንዱ ላፕቶፕ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ሌላው ስክሪኑን አደብዝዞ ሩብ ሰዓት ያህል ይንገታገታል። ሦስተኛው ከአምፖሉ ጋር እኩል ድርግም ይላል። የዚህኛው ባለቤት «ባትሪው ነው እንጂ ላፕቶፑስ ደህና ነው» ይላል። ለዛሬ ልክ ነው። ባትሪው በሞተ ማሽን ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጎዳው ግን ሌላ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎም የማይመለሰውን ይዟል።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ የተሳሳተ ምልክት እናንሳ። ብዙ ሰው ላፕቶፑ አረጀ የሚለው መጎተት ሲጀምር፣ ሰነድ ሲከፍት ስታክ ሲያደርግ ነው። ከምልክቶቹ ሁሉ የማይታመነው እሱ ነው። ፕሮሰሰር ዕድሜው በገፋ ቁጥር ጉልበቱ አይቀንስም፤ የዛሬ አሥር ዓመት በአንድ ሴኮንድ ይሠራው የነበረውን ስሌት ዛሬም በአንድ ሴኮንድ ይሠራዋል። የተለወጠው የሚጫንበት ሥራ ነው። ድረ ገጾች ከብደዋል፣ ከጀርባ ሳይታዩ የሚሠሩ ፕሮግራሞች በዝተዋል፣ ያኔ የሚበቃው 4 ጊጋባይት ራም ዛሬ ቶሎ ይሞላል። ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮ ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱን ነገር ፈልጎ እስኪያመጣ መጠበቅ ነው። ራም ቢጨመርለትና ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ቢለወጥ «አበቃለት» የተባለው ማሽን ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያስገርማል። ስለዚህ መጎተት ብቻውን ላፕቶፕ አያስጥልም።

እውነተኛውን ጉዳት የሚጀምረው ባትሪው ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው፤ ውስጡ ያለው ኬሚካል ማሽኑ ጠፍቶ ቢቀመጥም ቀስ እያለ ይበላሻል፣ ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ሊቲየምም በጥቂት በጥቂቱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ይህን የሚያፋጥኑት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ። ሙሉ ሆኖ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ በ40 ዲግሪ ከሆነ ወደ 65 በመቶ። ያው ባትሪ በዚያው በ40 ዲግሪ፣ ግን 40 በመቶ ብቻ ቻርጅ ይዞ ቢቀመጥ 85 በመቶ ያህል አቅሙ ይተርፈዋል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ብዙዎቹ አምራቾች ላፕቶፕ እንዲሠራበት የሚፈቅዱት የአየር ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀትር በኋላ እዚያ መድረስ ከባድ አይደለም። በዚያ ላይ መብራት ይሄዳል የሚል ስጋት አለ። ስለዚህ ሁሉም ላፕቶፑን ቀንም ሌሊትም ዲቫይደር ላይ ሰክቶ 100 በመቶ ላይ ያቆየዋል። ለክፉ ቀን ተብሎ ሁልጊዜ የሚሞላው ባትሪ፣ ሁልጊዜ በመሙላቱና በመሞቁ ክፉው ቀን ሳይመጣ ያልቃል። የሌኖቮ፣ የዴል፣ የአሱስና የኤችፒ ብዙ ሞዴሎች ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ቅንብር አላቸው። እኔ ብሆን ቆላ ላይ ላፕቶፕ ገዝቼ መጀመሪያ የምነካው ቅንብር እሱ ነበር።

የባትሪውን ጤና መገመት አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ይጽፋል። ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ስላሽ፣ ከዚያ «ባተሪሪፖርት» ተብሎ እንደ አንድ ቃል ተያይዞ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። በሚወጣው ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፦ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው። 50,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 40,000 ከሆነ ወጉን የጠበቀ እርጅና ነው። 20,000 ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል። እዚያው ስንት ዙር ቻርጅ እንደተደረገም ይጽፋል፤ የተለመደ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ሙሉ ዙር በኋላ ወደ 80 በመቶ እንዲወርድ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ግማሽና ግማሽ ሁለት ጊዜ መሙላት አንድ ዙር ይባላል። ባትሪው ካበጠ ግን ቁጥር ማየትም አያስፈልግም። ታችፓዱ ከፍ ካለ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ላፕቶፑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ውስጡ ጋዝ እየሞላ ነው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።

ወደ ዲስኩ እንምጣ። ድሮ የነበረው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሳህን ይሽከረከራል፤ ከሳህኑ በላይ ለዓይን በማይታይ ክፍተት የሚንሳፈፍ ማንበቢያ ራስ አለ። የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አምራቾች ለአብዛኞቹ ዲስኮች 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታን ወሰን የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው የጨንቻ ከተማ ከወሰኑ በታች ናት፤ ከእሷ በላይ ያሉት የጋሞ ተራሮች ግን የድሮ ዲስክ ይዞ የሚሠራባቸው ቦታዎች አይደሉም። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ዲስኩ ብልሃት አለው፦ ሳህኑ በራሱ ግፊት ሲሽከረከር የሚያመነጨውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ተጠቅሞ ማንበቢያ ራሱን ወደ ማረፊያው ይጎትታል። አጎታተቱ ግን ሻካራ ነው። ዲስኩ እንዲህ ያለውን የድንገት ማሳረፍ ስንት ጊዜ እንደሚችል አምራቾች የሚሰጡት ቁጥር በሥርዓት ለሚደረገው ከሚሰጡት በጣም ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ፋይል ደግሞ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል፤ ዎርድ በማግስቱ «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይህን ሁሉ አያውቀውም። ባትሪው ያለቀበት ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይቀምሰዋል። የባትሪ ሞት እያለ እያለ የዲስክ ሞት የሚሆነው እንዲህ ነው።

የዚህ ጉዳት ዋና ሰለባ ተማሪ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በርካታ ካምፓሶች አሉት፤ የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ቅጂ ብቻ፣ አንድ ያረጀ ዲስክ ላይ ይዞ ሰኔን የሚጠብቅ ተመራቂ አይጠፋም።

ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል። ድሮ ያልነበረ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ አንድ ፎልደር ሲከፈት ብቻ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ዊንዶውስ ሲነሣ በየጊዜው ዲስክ ልመርምር ይላል። ከድምፁም በፊት ቁጥሩ አለ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ያሳያል፦ ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ አደጋ አለ፣ ቀይ አብቅቷል። ቢጫ ባዩበት ሰዓት የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ። ፎርማት ማድረግ አይደለም፤ የተበላሸ ሳህን በፎርማት አይድንም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ የለውም፤ ሲሞትም ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው፣ ጠዋት ሲነሡ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያየውም። በዚህ በኩል የድሮው የተሻለ ጨዋ ነበር።

ሙቀት ሌላም ነገር ይሠራል፣ እሱ ግን በአብዛኛው ይታረማል። የብዙ ላፕቶፖች አየር መሳቢያ ከሥር ነው። አርባ ምንጭ ላይ ትንኝ ሲበዛ ሰው ላፕቶፑን ይዞ አጎበር ውስጥ ይገባል፤ ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ መሳቢያው ይደፈናል። ጨንቻ ላይ ደግሞ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፣ ላፕቶፑም ጋቢው ላይ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበቃም ማሽኑን ያጠፋዋል። ፋኑ እየጮኸ፣ ከተከፈተ ሃያ ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ላፕቶፕ አቧራው ተጠርጎ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው የደረቀ ፔስት ቢቀየርለት ብዙውን ጊዜ ይድናል። ሳይሞቅ፣ ገና ሲከፈት፣ በጥሩ ቻርጀርም እየሠራ የሚጠፋው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማዘርቦርዱን ያስጠረጥራል። ከጨንቻ በጠዋት በሚኒባስ ወደ አርባ ምንጭ ለሚወርድ ደግሞ አንድ ምክር፦ የቀዘቀዘ ላፕቶፕ እርጥበት ወዳለው ሙቅ አየር ሲገባ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ወዲያው አይክፈቱት፤ ሰዓት ያህል ቦርሳው ውስጥ ይቆይ።

ሞት የሚመስል ግን ሞት ያልሆነም አለ። ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አንከፈትም ይላሉ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ተቀብሎ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ሰዓቱን የምታስቆጥር፣ በብዙ ሞዴሎች ሳንቲም የምታህል የ3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። የድረ ገጾች የማንነት ማረጋገጫ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ይሠራል የሚል ቀነ ገደብ አለው፤ ኮምፒውተሩ ዓመቱን ከተሳሳተ ማረጋገጫው ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። ይህች ባትሪ ከላፕቶፑ ዕቃዎች ሁሉ ርካሿ ናት።

እውነተኛው ሞት የማዘርቦርድ ነው። ስክሪኑ ላይ መስመር ከወጣ ወይም ቀለሙ ከተዘበራረቀ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ የተበላሸው ስክሪኑ ወይም የስክሪኑ የውስጥ ገመድ ነው፤ ይቀየራል። ቴሌቪዥኑም ላይ ከተዘበራረቀ ችግሩ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የምስል ቺፕ ነው። አንዳንድ ጥገና ቤት ቺፑን በሞቃት አየር አሙቆ ያስነሣዋል። ይነሣል፣ ግን ብዙ አይቆይም፤ ፋይል ለመገልበጫ እንጂ ለዓመት ሥራ ብዬ አልከፍልበትም።

ደግሞ ምንም ሳይጎድልበት ከውጭ የተቀጠረ ቀን የሚደርስበት ላፕቶፕ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለግል ተጠቃሚ የፈቀደው የደኅንነት ማራዘሚያ የአንድ ዓመት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ይቀበላል። ፕሮሰሰሩ 7200 ከተባለ ሰባተኛ ነው፣ 8250 ከተባለ ስምንተኛ። ሰባተኛው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሲስተም ተጭኖበት ዓመታት ሊሠራ ይችላል። ችግሩ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ለለመደ ጸሐፊ ነው፤ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ኪማን የሚባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይም አማርኛ ያስጽፋል፣ ጣት እስኪለምደው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይጠገን ወይስ ይቅር የሚለው ሂሳብም ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ ከውጭ የሚመጣ ላፕቶፕም አብሮ ወጥቷል። ድሮ የማያዋጣ ይመስል የነበረ ጥገና ዛሬ ያዋጣል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ የጥገናው ዋጋ ያው ሞዴል ያገለገለው ከሚሸጥበት ግማሽ ካለፈ እተወዋለሁ፤ የሚቀየረው ባትሪ፣ ኤስኤስዲ ወይም ራም ከሆነ ግን እጠግናለሁ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ሁለቱን ሪፖርቶች፣ የባትሪውንና የዲስኩን፣ ይክፈት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ዲስኩ የሠራበት ሰዓት ተጽፏል፤ በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ የቢሮ ማሽን በዓመት 2,000 ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ 10,000 ካዩ አምስት ዓመት ቢሮ ውስጥ ያገለገለ ነው። ዲስኩ ተቀይሮ ከሆነ ቁጥሩ የዲስኩ እንጂ የላፕቶፑ ዕድሜ እንዳልሆነ ያስታውሱ።

በመጨረሻ የማይድነውን ለመለዋወጫ ሲሸጡ መጀመሪያ ዲስኩን ያውጡ። በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ እንደ ትልቅ ፍላሽ ይሠራል፤ ፎቶውም ጽሑፉም ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ራሙን፣ ስክሪኑን፣ ቻርጀሩን ጥገና ቤት ይገዛዋል። ያበጠ ባትሪ ግን አይሸጥም፣ አይበሳም፣ ግቢ ውስጥ ከሚቃጠል ቆሻሻም ጋር አይጣልም። መገናኛ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ጣሳ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ ጥላ ሥር፣ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጦ ባትሪ የሚቀበል ባለሙያ መፈለግ ነው።