የጠባይ መመዘኛ መጠይቅ፤ ጥቅሙና ወሰኑ

«እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ብሎ ራሱን የማይጠይቅ ሰው አይኖርም። በዛሬው ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንሰጣለን የሚሉ መጠይቆች በመጽሔት ገጽ፣ በመሥሪያ ቤት ሥልጠናና በእጅ ስልክ ላይ ሳይቀር ይገኛሉ። ሠራተኛዋ በምሳ ሰዓት ትሞላዋለች፤ እናትም ለልጇ ታስሞላለች። ለመሆኑ ከየት መጡ? ምን ያህልስ ይታመናሉ?

ከሁሉም ይበልጥ የታወቀውን መጠይቅ ያዘጋጁት አንዲት አሜሪካዊት እናትና ልጇ ናቸው። እናቲቱ ካትሪን ኩክ ብሪግስ፣ ልጅቱም ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ይባላሉ። ካትሪን፣ ልጇ ለትዳር የመረጠችው ወጣት ጠባይ ከቤተሰቡ ጠባይ እጅግ የተለየ ሆኖ ስላገኘችው የሰዎችን ልዩነት በጥብቅ ትመረምር ጀመር። የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ስለ ጠባይ ዓይነቶች የሚናገር መጽሐፍም ለሐሳባቸው መሠረት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶች ሲዘምቱ ብዙ ሴቶች ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ገቡ። ኢዛቤልም ሰው ለጠባዩ የሚስማማውን ሥራ እንዲያገኝ ይረዳል ብላ መጠይቁን በዚያን ጊዜ ማዘጋጀት ጀመረች። መጠይቁ ሰዎችን በ16 ክፍሎች ይመድባል። ይሁን እንጂ እናትም ሆነች ልጅ በሥነ ልቡና ሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም።

መጠይቁ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። አንዲት ሠራተኛ ማታ ቤቷ ስትገባ ጥቂት ጊዜ ዝም ብላ መቀመጥ ትሻለች እንበል። ባለቤቷ ደግሞ የቀኑን ውሎ ማውራት ይወዳል። እሱ «አኮረፈች» ይላል፤ እሷም «ወሬ ያበዛል» ትላለች። አንዱ በዝምታ ሌላው በጨዋታ የሚያርፍ መሆኑን ሁለቱም ቢረዱ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። መጠይቁ እንዲህ ላለው ውይይት በር ይከፍታል።

ወሰኑ ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ መጠይቁ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ ነው። ልጅ ታሞ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች እናት የምትሰጠው መልስና በደህና ቀን የምትሰጠው መልስ አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው ፈጽሞ ጭምት ወይም ፈጽሞ ተጫዋች ሳይሆን በመካከል የሚገኝ ነው። በዚህም ምክንያት ያንኑ መጠይቅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግመው ሲሞሉ ሌላ ክፍል የሚደርሳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የሚያስደስት ቃል ሁሉ እውነት ይመስለናል። በርትራም ፎረር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጠ። ከዚያም ለእያንዳንዳቸው «የአንተ ውጤት ይህ ነው» በማለት ጽሑፍ አደላቸው። ተማሪዎቹም የጽሑፉን ትክክለኛነት ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ሆኖም ለሁሉም የታደለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የተለቀመውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር!

ጉዳዩ ከጨዋታ አልፎ አሳሳቢ የሚሆነው በልጆች ላይ ነው። «ይህች ልጅ ጭምት ናት፤ በሰው ፊት መናገር አይሆንላትም» ተብሎ ሲነገር የምትሰማ ልጅ በክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ትተዋለች። የዝምታዋ ምክንያት ግን የጆሮ ሕመም ወይም ትምህርት ቤት የሚያስፈራራት ልጅ ሊሆን ይችላል። ጠባይዋ ነው ተብሎ ከታለፈ ችግሯን የሚጠይቃት አይኖርም። በሥራም ቦታ እንዲሁ ነው። ሠራተኛ ለመቅጠር መጠይቁን መጠቀም እንደማይገባ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያሳስባሉ። እንቅልፍ ማጣትና የማይለቅ ሐዘን ያለበት ሰውም መሄድ የሚገባው ወደ ሐኪም እንጂ ወደ መጠይቅ አይደለም።

ስለዚህ እናቶች፣ መጠይቁን ብትሞሉ ውጤቱን እንደ ፍርድ አትቀበሉት። አብሯችሁ ለሚኖር ሰው አንብቡለትና «እውነት እኔ እንዲህ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጃችሁንም ስም ከመስጠታችሁ በፊት ቀርባችሁ አነጋግሯት። የሰው ጠባይ በዕድሜ፣ በሥራና በኑሮ የሚለወጥ ስለሆነ፣ ዛሬ ዝም ያለችው ልጅ ነገ ተናጋሪ ልትሆን ትችላለች።