ሰኮናዋ የደከመ እርጉዝ ባዝራ አያያዝ

በደጋው ክፍል በሚገኙ አጥቢያዎች ባዝራ ለአንድ ቤተሰብ ታላቅ ሀብት ናት። ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች፤ እህልን ወደ ወፍጮ ታመላልሳለች፤ ከወንድ አህያ ስታረግዝም ለገጠር ካህናት የገደሉን መንገድ የሚያቀናውን በቅሎ ትወልዳለች። በአዊ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል አምረውና ተሸልመው የሚታዩትን ፈረሶች የወለደችም ባዝራ ናት፤ እርሷ ግን በዚያ ቀን ብዙ ጊዜ በጋጣ ትቀራለች። እንስሳን ስለ መንከባከብ መጽሐፈ ምሳሌ 12፥10 የሚያስተምረውን ለካህናት ማስታወስ አያሻንም። ዛሬ የምንጽፈው ጠባብ ስለሆነ አንድ ጉዳይ፣ ይኸውም ሰኮናዋ የተሰነጠቀ፣ የረዘመ ወይም የበሰበሰ ባዝራ ካረገዘች በኋላ ምን ሊደረግላት እንደሚገባ ነው።

አስቀድመን ስሕተታችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ አጥቢያ የአንድ መሪጌታን ባዝራ አየን። ስምንት ወር ሆኗት ነበር፤ ጎኗ የከሳ፣ የፊት ሰኮናዋም የረዘመ ነበር። እኛም «ገብስ ጨምሩላት» ብለን ተሰናበትን፤ መጠኑን አልነገርንም፤ እግሯንም አንሥተን አላየንም። መሪጌታ ምክራችንን አክብረው አዲሱን ገብስ ሳይሰስቱ በቁና ሰጧት። በሦስተኛው ሳምንት ባዝራዋ ከተኛችበት መነሣት አቃታት። ውርንጭላውን አጣን። እርሷ ተረፈች፤ ዳግመኛ ግን ጭነት አልተሸከመችም።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። የሰኮናው ቅርፊት ከውስጡ አጥንት ጋር የሚያያዘው በስስ ሕያው አካል ነው። ፈረስ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ መርዛማ ነገር ይፈጠራል፤ በደም ተሸጋግሮም ያንን አካል ያስቆጣዋል። ቁጣው ከበረታ ማያያዣው ይላላል፤ አጥንቱም ወደ ታች ይዘምማል። ቀድሞውንም አፍንጫው የረዘመ ሰኮና በእያንዳንዱ እርምጃ ያንን ማያያዣ ይጎትተዋል። ከባዝራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው በፊት እግሮቿ ላይ ያርፋል። ፅንሱ ደግሞ አብዛኛውን ዕድገቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው፤ በሚወለድበት ጊዜም የእናቱን ክብደት አንድ ዐሥረኛ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ እርግዝና ለደካማ ሰኮና የፈተና ጊዜ ነው።

ነገር ግን ይኸው ጊዜ የመዳኛ ጊዜም ሊሆን ይችላል። ባዝራ 11 ወር ያህል ታረግዛለች፤ የበቅሎ እርግዝና ጥቂት ቀናት ይጨምራል። የሰኮና ቅርፊት በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከጠጉሩ ሥር የጀመረው አዲስ ቅርፊት መሬት የሚደርሰው በአንድ ዓመት አካባቢ ነው። እርግዝናው እንደ ታወቀ እንክብካቤ የጀመረ ሰው፣ ውርንጭላው በሚወለድበት ጊዜ እናቱን በአዲስ ሰኮና ላይ ቆማ ሊያገኛት ይችላል። በዘጠነኛው ወር የጀመረ ግን ያለውን ከማቆየት አያልፍም።

ሥራው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መሞረድ ነው። ለወራት የረዘመውን በአንድ ቀን አሳጥሮ ልክ ለማድረግ መሞከር ያቆስላታል። በመጨረሻዎቹ ወራት ሆዷ ስለሚከብድ በሦስት እግር ለረጅም ጊዜ መቆም አትችልም። እግሯን ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ማሳረፍ፣ ካስፈለገም ሁለቱን እግር ዛሬ፣ ሁለቱን ነገ መሥራት ይገባል። ልትወልድ አንድ ወር ሲቀራት የሰኮናው ሥራ ቢጠናቀቅ መልካም ነው። የሚያነክስን እግር በጋለ ብረት መተኮስ በብዙ ቦታ ስላየን አጥብቀን እናሳስባለን፤ ሰኮናን አያድንም፤ በሕመሟ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምርባታል።

ጋጣው ደረቅ ይሁን። በፍግና በሽንት ርጥበት ላይ የምትቆም ባዝራ፣ በሰኮናዋ ሥር መካከል ያለው ለስላሳ ሦስት ማዕዘን አካል ይበሰብሳል፤ ጥቁርና የሚከረፋ ፈሳሽም ያወጣል። በየቀኑ በእንጨት መጥረግና ማድረቅ፣ ፍጉን ጠርጎ ወፍራም ጭድ ማንጠፍ ብዙውን ችግር ይከላከላል። ጭዱ ለመተኛትም ይመቻታል፤ እግሯ የሚያምም ባዝራ ደግሞ መተኛት ያስፈልጋታል። በግንቦት ወይም በሰኔ የምትወልድ ከሆነች፣ ጭቃው ከመግባቱ በፊት የጋጣውን ወለል በጠጠር ከፍ ማድረግ ይገባል።

መኖዋ በዋናነት ድርቆሽና ሣር ይሁን፤ ለ100 ኪሎ ክብደት በቀን 2 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበቃል። ውኃና አሞሌ ጨው ከአጠገቧ አይጥፋ። ገብስ አስፈላጊ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ተጀምሮ፣ ለአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሳይበልጥ፣ በቀን ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ ይሰጣት። ቀደም ሲል ሰኮናዋ ተቆጥቶ የሚያውቅ ከሆነ ግን እህሉ ቢቀርባት እንመርጣለን። የጭነትና የግልቢያ ሥራ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ይቁም፤ በሜዳ ላይ በራሷ ፈቃድ መንቀሳቀሷ ግን አይከልከል።

የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ክብደቷን ወደ ኋላ ከጣለች፣ ስትዞር ከተቸገረች፣ ሰኮናዋም ከጋለ፣ ያ ቀን የሐኪም ቀን ነው። እህሉን ማቆም፣ እግሯን በቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት፣ በወፍራም ጭድ ላይ ማሳረፍና በግድ አለማስኬድ ይገባል። የሕመም ማስታገሻ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ፤ ፅንስ እንዳለ አንርሳ።

ከወለደች በኋላም ሰዓቱን ማየት ይገባል። የእንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ፣ ጎትቶ ለማውጣት ሳይሞከር ሐኪም ይጠራ፤ በማሕፀን የቀረው ሲመርዝ ጉዳቱ እንደ ገና ወደ ሰኮናዋ ይወርዳል። ይህን ብዙዎች አያውቁም፤ ባዝራዋ በሰላም ወለደች ተብሎ በአራተኛው ቀን ማንከስ ስትጀምር «ዐይን በላት» የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሞረድና የሰኮና ቢላዋ ለአንድ ቤተሰብ ውድ ሊሆን ይችላል። ሰበካ ጉባኤው አንድ አንድ ገዝቶ በዕቃ ቤት ቢያስቀምጥና ሁለት ወጣቶችን በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ቢያሠለጥን ለአጥቢያው ሁሉ ይዳረሳል። መሪጌታ ዛሬ በአጥቢያቸው ሞረዱን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው።